መኪና ሲዝግ፦ ያለ ብየዳ፣ በራስ ግቢ ምን ያህል መጠገን ይቻላል?

ከኋላ ጎማ በላይ ያለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ቀለሙ ትንሽ ያብጣል። ወይም የበሩ የታችኛው ጫፍ ላይ። በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈርና ከሥሩ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ባለቤቱ "ትንሽ ናት፣ ከክረምት በኋላ አሠራታለሁ" ይላል። ትንሽ የሆነችው ከውጭ የምትታየዋ ብቻ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ላሜራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከጀርባ ነው። ቀለሙ እስኪያብጥ ድረስ ዝገቱ ከውስጥ ብዙ ሥራ ሠርቷል።

የተለመደው መንገድ ይታወቃል። መኪናው ባቲላሜራ ጋ ይሄዳል። የተበላው ይቆረጣል፣ አዲስ ላሜራ ይበየዳል፣ ስቱኮ (ጉድጓዱን ሞልቶ የሚደርቅ ሊጥ) ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል። ጥሩ ባለሙያ ከሠራው ከዚህ የተሻለ ጥገና የለም። ግን ገንዘብ ይጠይቃል፣ መኪናውም ጋራዥ ይከርማል። ስለዚህ "በያጅ ሳልጠራ፣ በራሴ እጅ መሥራት እችላለሁ?" የሚል ሰው ብዙ ነው። መልሱ ለአንዳንዱ ዝገት "አዎ፣ በደንብ" ነው። ለአንዳንዱ ደግሞ "በፍጹም" ነው። ሁለቱን ሳይለዩ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ድካም ብቻ ነው፤ አንዳንዴም አደጋ አለው።

ጥያቄው አሁን የበዛበት ምክንያትም አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ያለው ኮሮላ፣ ያለው ቪትዝ፣ ሌላው ቀርቶ ያለው ላዳና ቮልስ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግል ይፈለጋል። ሞተር ይታደሳል፣ ካምቢዮ ይቀየራል። ቦዲው ከተበላ ግን ሌላው ሁሉ ጤነኛ መሆኑ ብዙም አይጠቅምም።

ብረቱ ላይ የሚሆነው

የመኪና ላሜራ ብረት ነው። ብረት ደግሞ ውኃና ኦክስጅን አንድ ላይ ካገኙት ወደ ዝገት ይለወጣል። አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል። ቀለም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ብረቱ ጋ እንዳይደርሱ ይጋርዳል። ድንጋይ ሲመታው ወይም የቆመ መኪና ሲታከክ ግርዶሹ ይቀደድና ዝገቱ ይጀምራል።

የብረትን ዝገት ክፉ የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ጤነኛውን ቀለም ከሥር እየገፋ ያነሳዋል፤ እብጠቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየም ሲዝግ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የቀረውን ይጠብቀዋል። የብረት ዝገት ግን አይጠብቅም። እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ያለው ጤነኛ ብረትም አብሮ ይበላል። ዝገት ላይ ቀለም ቢቀቡበት፣ ስቱኮ ቢለጥፉበት ከሥር ሥራውን የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ጨው ሲጨመር ደግሞ ፍጥነቱ ይብሳል፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፣ ዝገት ደግሞ በመሠረቱ ባትሪ ውስጥ ከሚካሄደው ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ባሕር የላትም። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበትንም የለም። ታዲያ መኪኖቻችን ለምን ይዝጋሉ? አንዳንዱ ችግሩን ይዞት ነው የመጣው። አውሮፓ ጨው በተነሰነሰበት መንገድ ላይ ዓመታት የነዳ፣ ወይም የዓረብ አገሮች ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የኖረ መኪና ዝገቱን ውስጡ ይዞ ይገባል። እዚህ የደረቀው አየር ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ሌላው ከእኛው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚረጨው ጭቃ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጋገራል። ደረቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ለሳምንታት እርጥብ ነው። የፊት መስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ ያሉበት ቦታ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጃካራንዳ አበባ ይጠራቀምና የውኃ መውረጃውን ይደፍነዋል። የበሩ ሥር ያሉት ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በአፈር ይዘጋሉ። በመስታወቱ ጎማ በኩል የገባው ውኃ በሩ ውስጥ ይታቆራል። መኪናው በየሁለት ቀኑ ላቫጆ እየገባ፣ ምንጣፉ ሳይደርቅ እየተመለሰ ከሆነ ደግሞ ወለሉም ከላይ መዛግ ይጀምራል። በዚህ ከፍታ ላይ ያለውን ፀሐይም አትርሱ። የኮፈንና የጣራ ቨርኒሽ በፀሐይ ተቃጥሎ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ቀለም ብዙ አይቆይም።

ሌላ አንድ ምክንያት አለ፤ እኔ ብጠየቅ ከሁሉ የማስቀድመው እሱን ነው። የቀድሞ መጥፎ ጥገና! ገበያ ላይ የቆመ አሮጌ መኪና ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን ለቄስ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ

ሦስት ነገር በቂ ነው፦ ትንሽ ማግኔት፣ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ።

ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦዲው ላይ አንሸራትቱ። ብረት ላይ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይዝም፣ ወይም በደካማው ይይዛል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ሌላ ዕቃ ባይኖረው እንኳ ይችን ማግኔት ኪሱ ቢይዝ ይከፈለዋል። አንዳንድ መኪኖች የአሉሚኒየም ኮፈን ወይም የፕላስቲክ ክፍሎች እንዳሏቸው ግን አስታውሱ፤ እዚያ ማግኔት አለመያዙ ጥፋት አይደለም።

ቀጥሎ በካቻቢቴው እጀታ ጠርዞቹን መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተበላው የታፈነ ድምፅ አለው። ጥርጣሬ ካለ በካቻቢቴው ጫፍ ጫን በሉት። ከገባ፣ ያ ቦታ ላሜራ አይደለም፤ በቀለም የተያዘ ዝገት ነው። ማስገባት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ልክ ናችሁ፣ ያስፈራል። ግን ቀዳዳውን ካቻቢቴው አልሠራውም።

ያገኛችሁት ከሦስቱ አንዱ ነው። ላይ ላዩን የሆነ ዝገት፤ ቡናማ ነው፣ ሲፈገፈግ ብሩህ ብረት ይወጣል። ጠለቅ ያለ ዝገት፤ ቅርፊት እየሆነ ይነሳል፣ ከሥሩ ብረቱ ተቦርቡሯል፣ ግን አልበሳም። ሦስተኛው የበሳ ነው። የመጀመሪያው ማንም ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ የሚሠራው ነው። ሁለተኛውም ይሠራል። ሦስተኛው ላይ የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት ብቻ አይደለም፤ የት ቦታ ነው የሚለው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስና የመሳሰሉት የቤት መኪኖች እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም። ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ስለዚህ ከበሮቹ ሥር ያለው ረጅም ደፍ ማስጌጫ አይደለም፤ የመኪናው ወገብ ነው። ግጭት ሲመጣ የተሳፋሪውን ቦታ ከሚያቆሙት ክፍሎች አንዱ እሱ ነው። ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ ሞላና አሞርዛተር የሚታሰሩበት፣ የደኅንነት ቀበቶና ወንበር የሚታሰሩበት፣ የበር ማጠፊያው የተቀመጠበት፣ የወለሉ ተሸካሚ አካላት፣ እነዚህ ከተበሱ ፋይበር ግላስም፣ ስቱኮም፣ ሙጫም አይሠራም። ወደ በያጅ ነው። እንደ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ የተለየ ሻንሲ ያላቸውም ቢሆኑ ሻንሲው ከተበሳ ያው ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ በስቱኮ ሸፍኖ ለሌላ ሰው መሸጥ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ያለ ብየዳ የሚሠሩት የማይሸከሙት ናቸው። የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ የበር የታች ቆዳ፣ ኮፈን፣ የኋላ ክዳን፣ የጣራ ነጠብጣብ። ከነዚህም ፊተኛው ፓራፋንጎ በብዙ መኪኖች ላይ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ክፉኛ ከተበላ ፈትቶ መቀየር ይሻላል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ገብቶ ያገለገለ ጤነኛ ፓራፋንጎ መፈለግ አንዳንዴ ከጥገናው ይቀላል። የኋለኛው ግን ከቦዲው ጋር የተበየደ ነው፤ በቀላሉ አይቀየርም። በቤት ጥገና ብዙ የሚደከምበትም ለዚህ ነው።

ጊዜና ቦታ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ክረምት ላይ አትጀምሩት። የተገፈፈ ብረት እርጥብ አየር ላይ ካደረ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በበጋም ቢሆን የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ጤዛና ውርጭ አለው። ስቱኮና ቀለም በብርድ ቀስ ብለው ነው የሚደርቁት። ስለዚህ ማለዳ መፈግፈግ፣ ረፋድ ላይ ብረቱ ሲሞቅ መቀባት፣ ፀሐይ ሳትገባ እጅ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው። ብረቱን እጅ የሚያቃጥል ፀሐይ ላይ ግን አትቀቡ፤ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል።

መሃል ከተማ ትልቁ ችግር ቦታ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው መኪናውን ከጎረቤት መኪና ጎን ለጎን ነው የሚያቆመው። የሚረጭ ቀለም በነፋስ ሩቅ ይሄዳል፤ የሰው መኪና ላይ ካረፈ ጠብ ነው። በብሩሽና በእጅ የሚሠራውን እዚያው ሥሩት። ርጭቱን ግን ግቢ ያለው ዘመድ ጋ ወስዳችሁ ብታደርጉት ከጎረቤት ጋር ሰላም ትውላላችሁ። ሌላም ነገር አለ። ቲነርና ቀለም እሳት ይወዳሉ። ግቢ ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና የሚፈላ ከሆነ ቡናው እስኪያልቅ ቆዩ፤ ጠጡና ጀምሩ።

የአፍንጫ መሸፈኛ ነገርም አለ። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ጨርቅ የቲነርን ሽታ አያግድም። ለፍግፈጋው አቧራ የሚያጣራ፣ ለርጭቱ ደግሞ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልጋል። ጓንትና መነጽርም እንዲሁ። መኪናው ሥር የምትገቡ ከሆነ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ የብረት ማቆሚያ ወይም ጠንካራ ግንድ ከሥር ይግባ።

ፍግፈጋ

ሥራው ሁሉ እዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ቀለም መቀባት የሚያስደስት ስለሆነ ሁሉም ሰው ወደዚያ ይሮጣል። ጥገናው የሚቆየው ግን በፍግፈጋው ልክ ነው።

ቦታውን በሳሙና እጠቡና በደንብ አድርቁ። ዘይትና ግራሶ ካለ ሳይፈገፈግ በፊት በቲነር ጥረጉት፤ አለዚያ ብርጭቆ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ብረቱ እያሸ ያስገባዋል። ከዚያ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ አውርዱ። ቀጥሎ ቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት። ግራይንደር ካላችሁ ያፋጥናል፤ ግን ላሜራው ስስ ነው፣ ባንድ ቦታ ከቆማችሁ ይበሳል ወይም በሙቀት ይጣመማል። ፍንጣሪው መስታወት ላይ ሲያርፍ ነጥብ ነጥብ ያደርጋል፤ መስታወቱን በብርድ ልብስ ሸፍኑ። የነዳጅ መሙያው አካባቢ ግራይንደር አታስጠጉ። እዚያ በእጅ ነው።

እስከ የት ድረስ? ዝገቱ እስካለቀበት ሳይሆን እስከ ጤነኛው ቀለም ድረስ፣ ከዚያም ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ። ዝገት ከቀለሙ ሥር ተደብቆ ስለሚሄድ የሚታየው ጠርዝ እውነተኛው ጠርዝ አይደለም። የሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት እብጠት ስትከፈት የመዳፍ ያህል ብትሆን አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ከዚያ በቁጥር 120፣ በ180 እና በ240 እያለሰለሳችሁ የቀለሙ ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ ደረጃ እንዳይኖረው አድርጉ። ዓይን ይሳሳታል፤ መዳፍ አይሳሳትም።

ብሩህ ብረት ከወጣ ጥሩ። የተቦረቦረ ብረት ከሆነ ግን ጉድጓዶቹ ውስጥ ወረቀት የማይደርስበት ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል። ዝገት ለዋጭ ፈሳሽ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አብዛኛው ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ታኒክ አሲድ አለው። ዝገቱን ወደ ጠንካራና ጥቁር ውህድ ይለውጠዋል። ስስ አድርጎ በብሩሽ መቀባት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት መጠበቅ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዙር መድገም ነው። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፈሳሹ ቅርፊት ላይ አይሠራም፤ የላዩን ለውጦ የሥሩን ይተወዋል። ብሩህ ብረት ላይ ደግሞ ብዙ የሚለውጠው ነገር የለውም። ፍግፈጋን ያሟላል እንጂ አይተካም።

ሰፈር ውስጥ የማይጠፉ ምክሮች አሉ። ኮካ አፍስስበት ይባላል። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፤ እውነት ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ብዙ። አቼቶና ሎሚ ደህና ይሠራሉ፤ ግን ተፈትቶ ለሚነከር ቡሎንና ማጠፊያ እንጂ ለቦዲ አይመቹም። ነክራችሁ ስታወጡ በውኃ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ዐይናችሁ እያየ መልሶ ይዝጋል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድን ግን እርሱት። ዝገቱን ሲበላው ያስደስታል፤ ከአሲዱ የሚተርፈው ክሎራይድ የሚባል ጨው ጉድጓዶቹ ውስጥ ይቀርና ከቀለሙ ሥር እንደገና ይጀምራል። የባትሪ አሲድም ይቅር፤ ከመኪናው በፊት የሚጎዳው እጅና ዓይን ነው።

ከበሳ

የማይሸከም ቦታ ላይ፣ ከመዳፍ ያነሰ ቀዳዳ ከሆነ ያለ ብየዳ ይዘጋል። መጀመሪያ ግን ቀዳዳው መስፋት አለበት። ዙሪያው ያለው ስስና የተበላ ብረት በመቀስ ወይም በእጅ መጋዝ ተቆርጦ፣ ካቻቢቴ የማይበሳው ጤነኛ ላሜራ ጋ መድረስ ያስፈልጋል። ሰዎች የሚሰስቱት እዚህ ጋ ነው። ግን የሚፈረፈር ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ነገር ጠርዙን ይዞ ይወድቃል። ከዚያ ጠርዙን በመዶሻ ትንሽ ወደ ውስጥ አጎንብሱት፤ ጥገናው ከቦዲው በላይ እንዳይወጣ ቦታ ያገኛል።

መዝጊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የፋይበር ግላስ ጨርቅ ከሬዚን (ሲደርቅ ከሚጠነክር ፈሳሽ) ጋር። ከተገኘ የኢፖክሲ ሬዚን ይመረጣል፤ ብረት ላይ ፖሊስተር ከሚባለው ሬዚን የተሻለ ይጣበቃል። ጨርቁ ከቀዳዳው ዙሪያ በየአቅጣጫው ሦስትና አራት ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ ቆርጣችሁ፣ ከቻላችሁ በጀርባ በኩል፣ ሁለት ሦስት ንብር አድርጋችሁ ለጥፉት። ሬዚኑ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ማራስ አለበት። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ አየር አለ ማለት ነው፤ በብሩሹ ጫፍ እየወጋችሁ አስወጡት።

ሁለተኛው የላሜራ ቁራጭ በኢፖክሲ ሙጫ መለጠፍ ነው። ይህ የድሃ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ መኪና አምራቾችም አንዳንድ ላሜራዎችን በሙጫ ያያይዛሉ። ቁራጩ ከብረት ይሁን። የለስላሳ ጣሳ ቆርጦ መለጠፍ የሚወድ ሰው አለ። ጣሳው አሉሚኒየም ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ካገኛቸው አንዱ በሌላው ምክንያት ይበላል። የሁለቱም ፊት በቁጥር 80 ሻካራ ተደርጎ፣ ተጠርጎ፣ ሙጫው ከተቀባ በኋላ በሪቬት ወይም በማያዣ ተጨምቆ እስኪደርቅ ይቀመጥ።

አንድ ነገር አደራ። የበር ሥር ስትደፍኑ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን አብራችሁ አትድፈኑ። ፋብሪካው የሠራቸው ናቸው። በዝገት የተበሳና ሆን ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ ይለያያል፤ ሆን ተብሎ የተሠራው ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ በሌላኛውም በር ላይ እዚያው ቦታ ይገኛል።

ፕራይመርና ስቱኮ

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ በባዶ ብረት ላይ ሲለጠፍ ታያላችሁ። ይሠራልም፤ ስቱኮው የተሠራው ብረት ላይ እንዲጣበቅ ነው። ለዝገት ጥገና ግን እኔ የኢፖክሲ ፕራይመርን፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን የሥር ቀለም፣ አስቀድማለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል። ተራው ፕራይመርም ውኃ ያስገባል፤ ፕራይመር ብቻ ተቀብቶ አንድ ክረምት የወጣ መኪና ከሥሩ ዝጎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ኢፖክሲው ግን ውኃን በደንብ ይጋርዳል። ብረቱ መጀመሪያ ይታሸግና ስቱኮው ከላይ ይሁን። ከመቀባቱ በፊት ብረቱን በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ጠርጉ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የእጅ ላብ ጨውና ቅባት አለው።

ስቱኮው ከማድረቂያው ጋር ሲደባለቅ መጠኑ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ማድረቂያ ገደማ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ይቀድማል። "ቶሎ ይድረቅልኝ" ብሎ ማድረቂያ ማብዛት የተለመደ ነው። ውጤቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ስቱኮ፣ አንዳንዴም ከቀለሙ ላይ የሚወጣ እድፍ ነው። ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ በጥብጡ፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚሰጣችሁ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ይብቃ። ከዚያ በላይ የሚሻ ጉድጓድ ካለ መጀመሪያ ላሜራውን ማቃናት ነው። ወፍራም ስቱኮ በመንገዳችን ጉድጓድ እየተንቀጠቀጠ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ ለውኃ በር ነው።

ስቱኮ በደረቁ ነው የሚፈገፈገው። ውኃ እያፈሰሱ መፈግፈግ ለቀለም እንጂ ለስቱኮ አይሆንም። ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። በጣት ብቻ ከፈገፈጋችሁ ሞገድ ሞገድ ይሠራል፤ ቀለም እስኪቀባ ድረስ አይታይም፣ ከተቀባ በኋላ ግን ሌላ ነገር አይታይም።

ቀለም

ቀለሙን በዓይን አትገምቱ። መኪናው ኮድ አለው። ቶዮታ ላይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ በከተማችን የበዛው የቶዮታ ነጭ 040 ነው። ቀለም ቀማሚው በኮዱ ያዘጋጅላችኋል። ይሁን እንጂ ዓመታት ፀሐይ የመታው መኪና ከኮዱ ትንሽ ይለያል። ቀማሚው እያየ እንዲያስተካክል የነዳጅ መሙያውን ክዳን ፈትታችሁ ውሰዱለት። ብረታማ ቀለም ከሆነ ቤት ውስጥ ማመሳሰል ከባድ ነው፤ ልዩነቱ እንዳይታወቅ ርጭቱን የበሩ ወይም የላሜራው መጋጠሚያ ላይ ማቆም ይሻላል። ባለ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ያላቸው እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው፤ ቀለማቸው ብረታማ አይደለም።

ከርጭቱ በፊት ፕራይመሩ በቁጥር 400 እና ከዚያ በላይ በሆነ ወረቀት ይለስልስ። ከዚያ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ስስ ስስ አድርጎ፣ በመካከሉ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ እያሳረፉ። የመጀመሪያው ዙር የሥሩን እንዲሸፍን አይጠበቅም። አንዴ አብዝቶ መርጨት ቀለሙን እንደ እንባ ያወርደዋል። በላዩ ቨርኒሽ ይጨመራል። ማድረቂያ የሚደባለቅበት ቨርኒሽ ጠንካራና የተሻለ ነው፤ ግን ጭሱ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ለሳንባ አደገኛ ነገር አለ። ያንን ለቀለም ቀቢ መተው ነውር የለውም። እንዲያውም ብዙ ሰው የዝገቱን ሥራ ራሱ ጨርሶ የመጨረሻውን ርጭት ብቻ ለባለሙያ ይሰጣል። ወጪውም ይቀንሳል፣ ከሥሩ ያለውንም ሥራ ራሱ ያውቀዋል።

ጀርባው

ከፊት በኩል የተሠራው ሁሉ ጀርባው ከተረሳ የሚቆየው አንድ ክረምት ነው። የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈትታችሁ ወይም በውኃ መውጫ ቀዳዳው በኩል ረጅም ቱቦ አስገብታችሁ ሰም ያለው መከላከያ እርጩበት። እዚህ ቦታ ጠንካራ ቀለም አይመረጥም፤ ሰሙ ለስላሳ ሆኖ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የፓራፋንጎው ውስጥ ጭቃውን በውኃ ግፊት አውጥታችሁ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን አድርቃችሁ፣ አንቲረስትና የሥር ሽፋን ቀቡት። ሳይደርቅ መቀባት ውኃውን ማሸግ ነው፤ ካለመቀባት ይብሳል።

የተቃጠለ ዘይት ሥሩን መርጨትስ? ብዙ ሾፌሮች ያደርጉታል። ዘይት ውኃን ያርቃል፤ ያ እውነት ነው። ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማ ነክ ክፍሎችን ያለሰልሳል፣ ሲንጠባጠብ ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይገባል። ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እኔ አልመክረውም።

ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የበር ሥር ቀዳዳዎችን በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። መጥረጊያው ሥር ያለውን ቅጠል ልቀሙ። ከዚያ አንድ ጆግ ውኃ በበሩ መስታወት ጎማ ላይ አፍስሱ፤ በሥሩ ወዲያው መውጣት አለበት። ነሐሴ ላይ ምንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን በእጅ ዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ውኃው ከየት እንደሚገባ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና የለም።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ የተጠገነውን ቦታ በጎን ብርሃን ተመልከቱት። እብጠት ካለ የት እንዳበጠ ምክንያቱን ይነግራችኋል። የጥገናው ዳር ላይ ከሆነ ፍግፈጋው ጤነኛው ቀለም ጋ ሳይደርስ ቆሟል፤ ያንን ጠርዝ ብቻ ከፍቶ አስፍቶ መድገም ይበቃል። መሃሉ ላይ ካበጠ ግን ውኃው በጀርባ ነው የገባው። እንዲያ ከሆነ ከፊት በኩል ምንም አትንኩ፤ መጀመሪያ የውስጡን ሽፋን ፍቱ።